ቀድሞ የሚከሰሰው ካርቡሬተር ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን አንድ ላይ አውጥቻለሁ። ሦስቱም ስለ አሮጌ መኪና ናቸው። ሞተሩ ያመነታል፣ ይታፈናል፣ ይጠፋል ይላሉ፤ ጥፋቱንም በካርቡሬተሩ ላይ ጥለዋል። ካርቡሬተር፣ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ክፍል፣ በጋራዥ ውስጥ ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ ነው። ከላይ ተቀምጦ ይታያል፣ ብሎኖቹም በቀላሉ ይዞራሉ፤ ስለዚህ ካቻቢቴ የያዘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው ሞተሩ የሚጠፋው መቼ እንደሆነ ነው። ሲነሳ ነው ወይስ ሲቆም? ሲሞቅ ነው ወይስ ሲበርድ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ? ሦስቱም ጸሐፊዎች ይህን በደንብ ስለጻፉ አመሰግናቸዋለሁ። የመኪኖቹ ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ

የ1969 ሞዴል ቮልስዋገን አለኝ። ሞተሩ የራሱ አይደለም፤ የቀድሞው ባለቤት 1600 ሲሲ ሞተር አስገብቶበታል። ካርቡሬተሩ ላይ «34 ፒክት 3» የሚል ጽሑፍ አለ፤ እሳት ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተርም በቅርቡ የተገዛ ነው፣ 009 የሚባለው። መብራት ላይ ቆሜ ልነሳ ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይታፈናል፤ ከዚያ ወይ በድንገት ወደፊት ይወረወራል፣ ወይ ጭራሹን ይጠፋል። ከቀበና ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው ዳገት ላይ ከቆምሁ መከራዬን አያለሁ። ፍጥነት ከያዘ በኋላ ግን እንከን የለውም። ጠዋት ጠዋት ይብስበታል። መካኒኩ ካርቡሬተሩን ደጋግሞ አውርዶ አጥቦታል፤ ለጥቂት ቀናት ሻል ይልና ይመለስበታል። አሁን ደግሞ ሚኒሞውን፣ ነዳጅ ሳልሰጠው የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ከፍ አድርጎ ሰጠኝ። መጥፋቱ ቀነሰ፣ ማመንታቱ ግን ባሰ። አዲስ ካርቡሬተር ልግዛ?

ብ. ታ.፣ ከኮተቤ

መልስ

አይግዙ። ቢያንስ ከዚህ በታች የምጽፈውን በተራ ሳይፈትሹ አይግዙ። የመልሱን ግማሽ ራስዎ ጽፈውታል፤ «ፍጥነት ከያዘ በኋላ እንከን የለውም» ብለዋል። እንግዲያው የቤንዚን ፓምፑ፣ በካርቡሬተሩ ሳህን ውስጥ ቤንዚኑን በልክ የሚይዘው ተንሳፋፊና ዋናው ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ጉድለቱ ያለው ሞተሩ ከሚኒሞ ወጥቶ ወደ ዋናው ጂግለር በሚሸጋገርባት አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

በዚያች ቅጽበት የሚሆነውን ልንገርዎ። ነዳጅ መስጫውን በድንገት ሲረግጡ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ያለው ክብ ክዳን ይከፈታል። አየር ቀላል ስለሆነ ወዲያውኑ ይገባል፤ ቤንዚን ግን ከባድ ስለሆነ ወደኋላ ይቀራል። ሞተሩ ለአፍታ አየር ብቻ ይስባል። ያን ጉድለት እንዲሞሉ የተሠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ማፍጠኛ ፓምፑ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት በቀጭን የነሐስ ቱቦ በኩል ቤንዚን ወደ ጉሮሮው ይረጫል። ሁለተኛው ከክዳኑ ጠርዝ አጠገብ የተበሱት ጥቃቅን የመሸጋገሪያ ቀዳዳዎች ናቸው። ክዳኑ ገና መከፈት ሲጀምር ጠርዙ በላያቸው ያልፍና ቤንዚን መስጠት ይጀምራሉ።

መካኒክዎ ሚኒሞውን ሲጨምር ማመንታቱ የባሰውም በእነዚህ ቀዳዳዎች ምክንያት ይመስለኛል። በቀደሙት የቮልስ ካርቡሬተሮች ሚኒሞ የሚስተካከለው ክዳኑን በጥቂቱ ከፍቶ በሚይዘው ብሎን ነበር። በ34 ፒክት 3 ግን እንደዚያ አይደለም። ያ ብሎን አንድ ጊዜ በትክክል ከተቀመጠ በኋላ መነካት የለበትም፤ ሚኒሞው የሚስተካከለው በካርቡሬተሩ ጎን ወደ ታች ባለው ትልቁ ብሎን ነው። ብዙ መካኒኮች በቀድሞው ልማዳቸው የክዳኑን ብሎን ያጠብቁታል። ያኔ ክዳኑ ከመጀመሪያውም ክፍት ሆኖ ስለሚቆይ የመሸጋገሪያ ቀዳዳዎቹን አልፏቸዋል፤ እግርዎ ሲያርፍ የሚጠብቅዎ ቤንዚን የለም። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ጥሩ ይመስላል፣ ሲነሳ ግን ይታፈናል። እርስዎ የጻፉት በትክክል ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ ወደ ብሎኖቹ ከመሄድዎ በፊት ካርቡሬተር ያልሆኑትን ነገሮች ያጣሩ። በዚህ ላይ ግትር ነኝ። የቫልቭ ክፍተቱ ካልተስተካከለና የካንዴላው እሳት ጊዜውን ካልጠበቀ፣ ካርቡሬተሩን ማስተካከል በተሰበረ ሚዛን መመዘን ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ካደረ በኋላ፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ የሁሉም ቫልቮች ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን። በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ፑንቲና ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፊቱ ተቆርቁሮ ከሆነ በአሸዋ ወረቀት ከመፈግፈግ መቀየሩ ይሻላል። ካንዴላዎቹን አውጥተው ይዩዋቸው፦ ጫፋቸው ቡናማ ከሆነ ውህዱ ደኅና ነው፣ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ደረቅ ጥላሸት ከያዘ በዝቶታል።

አሁን ወደ 009 እንምጣ። ይህ ዲስትሪቢውተር በአገራችን በብዙ ቮልሶች ላይ ተገጥሟል፤ ቀላልና ጠንካራ ስለሆነም ይወደዳል። ነገር ግን እሳቱን የሚያስቀድመው በክብደቶች ብቻ ነው፤ ሞተሩ ፍጥነት ካልጨመረ እሳቱ አይቀድምም። ቮልስ ከፋብሪካው ሲወጣ ይገጠምለት የነበረው ግን ጎኑ ላይ ክብ የቫኩም ቆርቆሮ ነበረው፣ በቀጭን ቱቦም ከካርቡሬተሩ ጋር ይያያዝ ነበር። ነዳጅ መስጫው ገና ሲነካ ቆርቆሮው ይስባል፣ እሳቱም ወዲያውኑ ይቀድማል። 34 ፒክት 3 የተሠራው ከዚያ ዓይነቱ ጋር እንዲሠራ ታስቦ ነው። ከ009 ጋር ሲጣመር በመነሻው ላይ ማመንታት መኖሩ በዓለም ዙሪያ የቮልስ ባለቤቶች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። አጥብቀው ካስተካከሉት ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ማጥፋት ግን ከባድ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ለካርቡሬተር ያሰቡትን ገንዘብ ለዲስትሪቢውተር እንዲያውሉት ነው። ሶማሌ ተራ ወርደው ቫኩም ያለው አሮጌ ዲስትሪቢውተር ይፈልጉ። ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ይክፈቱና በቫኩም ቆርቆሮው አፍንጫ ላይ አጭር ንጹሕ ቱቦ ሰክተው በአፍዎ ይሳቡት። ውስጥ ያለው ሰሌዳ ሲዞር በዓይንዎ ማየት አለብዎት። ከዚያ የቱቦውን ጫፍ በምላስዎ ይድፈኑት፤ ሰሌዳው ባለበት ከቆየ ጤነኛ ነው፣ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ተቀዷል። ሻጩ ቢቆጣም ይህን ሳያደርጉ ገንዘብ አይክፈሉ። ለጊዜው በ009 መቀጠል ካለብዎት ታይሚንጉን፣ እሳቱ የሚሰጥበትን ጊዜ፣ በሚኒሞ ላይ አይሙሉት። ሞተሩ በደቂቃ ከ3000 ዙር በላይ ሲሄድ በታይሚንግ መብራት ታይቶ 28 ወይም 30 ዲግሪ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ።

እሳቱ ከተስተካከለ በኋላ የአየር ማጣሪያውን ያንሱና፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ በባትሪ መብራት የካርቡሬተሩን ጉሮሮ እያዩ የነዳጁን ክንድ በእጅዎ ያንቀሳቅሱ። በዚያው ቅጽበት ከነሐሱ ቱቦ ያልተቋረጠ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ወጥቶ፣ ግድግዳውን ሳይነካ፣ በሚከፈተው ክዳን ጠርዝ በኩል ወደ ታች መግባት አለበት። ዘግይቶ ከጀመረ፣ ከተንጠባጠበ ወይም ግድግዳው ላይ ካረፈ ያ ራሱ ለመታፈን በቂ ምክንያት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ በአራት ብሎኖች የታሰረው የፓምፑ ክዳን ውስጥ ያለው ዲያፍራም መድረቁ ነው። ዲያፍራሙ ለብቻው ይሸጣል። ካርቡሬተሩን ማጠብ የደረቀ ጎማ አያለሰልስም፤ መካኒክዎ አጥቦ ሲሰጥዎ ሻል ብሎ መመለሱም ይህንኑ እንድጠረጥር ያደርገኛል።

ቀጥሎ የሚፈለገው የማይታየው አየር ነው። የእርስዎ 1600 ሞተር ሁለት ቀዳዳ ያለው ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ራስ ክዳን) ካለው፣ 34 ፒክት 3 መያዙም ያንን ያመለክታል፣ ውህዱን ወደ ሲሊንደሮች የሚያደርሰው ቱቦ፣ ማኒፎልዱ፣ በግራና በቀኝ በጎማ እጅጌዎች ተቀጣጥሏል። እነዚያ ጎማዎች ይሰነጠቃሉ፣ ማሰሪያ ፋሼታቸውም ይላላል። ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ በመርጫ ጠርሙስ ውሃ ይያዙና ጎማዎቹ ላይ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ባለው ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያ ማሸጊያ) ላይ፣ ከዚያም የክዳኑ ዘንግ በሚወጣባቸው ሁለት ጎኖች ላይ በተራ ይርጩ። በአንዱ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳውን አግኝተዋል። ብዙዎች ይህን በቤንዚን ወይም በሚቀጣጠል ማጽጃ ያደርጉታል፤ በጋለ ሞተር ላይ እንዲህ ማድረግ እሳት መጥራት ነው። ዘንጉ ራሱ ተበልቶ ከሆነ በጣትዎ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁት ይሰማዎታል። ያ በማጠብ የሚድን ነገር አይደለም፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ አዲስ ቡሽ ይገባለታል።

«ጠዋት ጠዋት ይብስበታል» ያሉትንም አልዘለልሁትም። ከማኒፎልዱ ሥር ተጣብቆ የሚያልፍ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ከጭስ ማውጫው ትኩስ ጭስ ወስዶ ማኒፎልዱን ያሞቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ጠዋት ማኒፎልዱ ከቀዘቀዘ ካርቡሬተሩ የሰጠው ቤንዚን ግድግዳው ላይ ይጠራቀማል፤ ሲሊንደር ውስጥ አይደርስም። ይህ ቱቦ ከዓመታት በኋላ በካርቦን ይደፈናል። ማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) ሲቀየር ደግሞ አንዳንዶች ቀዳዳውን ሳይከፍቱ ጓርኒሲዮን ይደፍኑበታል። ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ እጅዎን ሳያሳርፉ ብቻ ያስጠጉት፤ ሁለቱም ወገን መጋል አለበት። አንዱ ከቀዘቀዘ ተደፍኗል፤ አስፈትተው በጠንካራ የብረት ገመድ ያስጠርጉት።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው እንግዲህ ካቻቢቴው ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ቾኩም (ሲበርድ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሙሉ በሙሉ ይከፈት። የክዳኑን ብሎን የቾኩን የተደረደረ ጥርስ እስኪለቅ ድረስ ያላሉት፤ ከዚያ ልክ ሲነካው ቆም ይበሉና ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ። ከዚህ በኋላ አይንኩት። ትንሿን የውህድ ብሎን ሳያስጨንቁ እስከ መጨረሻ ይዝጉና ሁለት ዙር ተኩል ይክፈቱ። በትልቁ ብሎን ሚኒሞውን ወደ 850 ዙር ያምጡት። አሁን ትንሿን ብሎን በቀስታ እያዞሩ ሞተሩ ከሁሉም የሚፈጥንበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ሲያገኙት ሞተሩ በጣም በጥቂቱ እስኪቀንስ ድረስ መልሰው ያጥብቁ። በመጨረሻ ትልቁን ነክተው ወደ 850 ይመልሱት። ትንሿ ብሎን ምንም ቢያዞሯት ለውጥ ካላመጣች፣ ወይ አየር አሁንም በሌላ በኩል እየገባ ነው፣ ወይ የሚኒሞው ጂግለር ተደፍኗል፣ ወይ ደግሞ ቁልፍ ሲዘጋ ቤንዚን የሚያቋርጠው የኤሌክትሪክ ቫልቭ አይሠራም። ቫልቩን ለመፈተን ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱና ሽቦውን ነቅለው ይመልሱት፤ «ጠቅ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ካልተሰማ መጀመሪያ ሽቦው ኤሌክትሪክ እንዳለው ይመልከቱ።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር አልፋ ነው የምትገኘው፤ የአየሩ ግፊት ከጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ለጠረፍ የተመጠነ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። ካርቡሬተሩ 127.5 የሚል ዋና ጂግለር ካለበትና ካንዴላዎቹ ጥላሸት ከለበሱ 120 ይሞክሩ። ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ የሚወርዱ ከሆነ ግን የድሮውን ጂግለር ይዘው ይሂዱና እዚያ ሲደርሱ ይመልሱት። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ቆላ ወርዶ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፣ ቫልቭም ያቃጥላል።

ሌላም ነገር አለ፤ ከማመንታቱ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። የሞተሩን ክፍል ከፍተው የቤንዚን ማጣሪያው የት እንዳለ ይዩ። ከፓምፑና ከካርቡሬተሩ መካከል፣ ከዲስትሪቢውተሩ በላይ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ ማጣሪያ ካለ ዛሬውኑ ያስነሱት፤ ቦታው ከፊት፣ ከታንከሩ ሥር ነው። ቤንዚን ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባበት የነሐስ ቱቦም በግፊት ብቻ የተተከለ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ ይላላል። በጣትዎ ሲይዙት ከዞረ ወይም ከተነቃነቀ መኪናውን አይንዱት፤ መካኒኩ አውጥቶ በሚገባ አጥብቆ ይትከለው። ቱቦው መንገድ ላይ ከወጣ ፓምፑ ቤንዚኑን በጋለ ሞተር ላይ ይረጫል። የቮልስ የሞተር አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ በውሃ አይጠፋም፣ እንዲያውም ውሃ ያባብሰዋል። እሳት ማጥፊያ ይግዙና ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ያስሩት።

ጥያቄ

ሐረር ውስጥ ፔጆ 404 ታክሲ እነዳለሁ። ከተማ ውስጥ ምንም ችግር የለበትም። ከድሬዳዋ ሰው ጭኜ ስመለስ ግን፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ ደንገጎን እየወጣሁ ጉልበት ያጣል፣ ይንተፋተፋል፣ ከዚያ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ካረፈ እንዳልነበረ ሆኖ ይነሳል። ካርቡሬተሩ ታጥቧል፣ የቤንዚን ፓምፑም ተቀይሯል። ተሳፋሪ ይዞ ዳገት ላይ መቆም ያሳፍራል።

አ. ዩ.፣ ከሐረር

መልስ

ወንድሜ፣ የእርስዎ ካርቡሬተር ንጹሕ ሳይሆን አይቀርም። ሲሞቅ የሚጠፋና ሲበርድ የሚነሳ ሞተር ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉት፦ የፈላ ቤንዚን፣ ወይም ሲግል እሳት የሚከለክል ቦቢና ወይም ኮንደንሰር። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩ በጠፋበት ቦታና በዚያችው ደቂቃ መፈተን አለበት፤ ከበረደ በኋላ ማስረጃው ይጠፋል።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋብዎ መኪናውን ዳር አስይዘው፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርገው፣ የአየር ማጣሪያውን ያንሱና የነዳጁን ክንድ በእጅዎ ይክፈቱ። በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ቤንዚን ከተረጨ ነዳጅ አለ፤ ጥፋቱ ወደ እሳቱ ይሄዳል። ያኔ ትርፍ ቦቢናና ኮንደንሰር ይዘው ይዙሩ፣ እዚያው ይቀይሩና ይሞክሩ። ቤንዚን ካልተረጨ ግን የካርቡሬተሩ የቤንዚን ሳህን ባዶ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የታንከሩን ክዳን ይክፈቱ። አየር ሲሳብ «እፍ» የሚል ድምፅ ከሰሙ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ፓምፑ ከታንከሩ መሳብ አቅቶታል። ክዳኑን በማጽዳት ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ ይሆናል።

ድምፅ ከሌለ ቤንዚኑ በመስመሩ ውስጥ እየፈላ ነው። ከቤንዚን ውስጥ ቀለል ያለው ክፍል ከ40 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት መትነን ይጀምራል። ፓምፑ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ከኋላ ታንከር ስለሚስብ በመሳቢያው ወገን ያለው ግፊት ዝቅ ይላል፣ መትነኑም ይቀላል። ከድሬዳዋ 1200 ሜትር ተነስተው ሲወጡ ደግሞ የአየሩ ግፊት በየኩርባው እየቀነሰ ነው። ፓምፑ እንፋሎት መግፋት አይችልም፤ በእንፋሎቱ ላይ ዝም ብሎ ይመታል። እርጥብ ጨርቅ በፓምፑና በቱቦው ላይ ጣል ሲያደርጉ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከተነሳ ምርመራው አልቋል።

ፈውሱ የቤንዚኑን ቱቦ ከጭስ ማውጫው ማራቅ፣ ማራቅ በማይቻልበት ቦታም በቆርቆሮ መከለል ነው። ከፓምፑና ከካርቡሬተሩ ሥር የሚገባው ሙቀት የሚከላከለው ወፍራም መለያ በቦታው መኖሩንም ያረጋግጡ፤ በስስ የወረቀት ጓርኒሲዮን ተተክቶ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ማራገቢያውን ይመልከቱ። የ404 ማራገቢያ ሁልጊዜ ከሞተሩ ጋር አይዞርም፤ ውሃው ሲግል በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያያዝ ነው። በዘመኑ የተራቀቀ ሥራ ነበር። ሽቦው ከተበጠሰ ወይም የካርቦን ብሩሹ ካለቀ ማራገቢያው ተጭኖ ዳገት በሚወጣ ሞተር ላይ ሥራ ፈትቶ ይቀራል፣ ከኮፈኑ ሥር ያለው ሁሉ ይጋገራል። ከተማ ውስጥ አጭር መንገድ ስለሚሄዱ አይታወቅዎትም። ሞተሩ ከጋለ በኋላ ማራገቢያው በኃይል ሲዞር ካላዩት የካርቦን ብሩሹንና ሽቦውን ያስፈትሹ።

ሐረር ባጃጅ በዝቶባትም እነዚህን ፔጆዎች በመንገድ ላይ ማቆየታችሁ ያስደስተኛል። ከ1960 እስከ 1975 በፈረንሳይ ሲሠራ የነበረ መኪና ዛሬም እንጀራ ማብላቱ የእናንተ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው።

ጥያቄ

ጋሼ፣ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ1974 ቶዮታ ኮሮላ ገዝቼ በወንድሜ እርዳታ እያደስሁት ነው። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅትና የብርዱ ወራት ሊገባ ሲል፣ ዝናብ ወይም ጉም ባለበት ጠዋት፣ በደንብ ተነስቶ አሥር ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ሚኒሞው ይወርድና ይጠፋል። አምስት ደቂቃ ከቆምሁ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ደኅና ነው። በሙቀቱ ወራት ምንም አላደረገኝም። እዚህ ቤንዚኑ ኢታኖል ስላለበት ነው ይሉኛል። የለወጥነው ነገር የአየር ማጣሪያውን ቤት ብቻ ነው፤ አሮጌው አስቀያሚ ስለነበር የሚያብረቀርቅ ክፍት ማጣሪያ ገጠምንበት።

ሰ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ልጄ፣ አሮጌውን የማጣሪያ ቤት ካልጣላችሁት መልሳችሁ ግጠሙት። መኪናሽ የሚጠፋው ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ እየሠራ ስለሆነ ነው።

ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል። በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ የሚያልፈው አየር ሃያ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሊቀዘቅዝ ይችላል። ውጭው 5 ወይም 8 ዲግሪ ሆኖ አየሩ እርጥብ ከሆነ፣ ያ እርጥበት በክዳኑ ጠርዝ ላይ ወደ በረዶነት ይለወጣል፣ የሚኒሞውን ቀዳዳም ይደፍናል። አምስት ደቂቃ ስትቆሚ ከሥሩ ያለው የሞተር ሙቀት ወደ ላይ ይወጣና ያቀልጠዋል። ለዚህ ነው ኮፈኑን ከፍቶ ሊያይ የመጣ መካኒክ ምንም የማያገኘው። በጣም በሚበርድበት ደረቅ ቀን ይህ ችግር ይቀንሳል፣ ምክንያቱም በደረቅ ብርድ አየር ውስጥ የሚረጋ እርጥበት የለም። ጉም ያለበትን ጠዋት ለይተሽ መጻፍሽ ነገሩን አቀለለልኝ።

ያወለቃችሁት አስቀያሚ ቤት በጎኑ ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ሙቅ አየር የሚስብበት ቱቦ ነበረው። ሥራው ይህን በረዶ መከላከል ነው። መልሳችሁ ስትገጥሙት ከማኒፎልዱ የሚመጣው ተጣጣፊ ቱቦ አብሮት መኖሩን እዩ፤ ከወረቀትና ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ ቶሎ ይቀደዳል፣ በመለዋወጫ መደብርም በርካሽ ይገኛል። ቀዝቃዛና ሙቅ አየር የምትቀያይረው ትንሽ በር በዝገት ያልተቀረቀረች መሆኗንም በጣትሽ ገፍተሽ አረጋግጪ።

ኢታኖሉ በዚህ ጉዳይ አይጠየቅም። አሥር በመቶ ኢታኖል ውህዱን በጥቂቱ ያሳሳል፣ አሮጌ የጎማ ቱቦዎችን ያበላሻል፣ መኪናው ወራት ሲቆም ደግሞ ውሃ ይስባል፤ አጥፍቶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን አይምርም። ኢታኖል የሚቋቋሙ አዳዲስ ቱቦዎች አስገቢ። መኪናውን ለብርዱ ወራት ስታቆሚው የነዳጅ ማረጋጊያ ጨምረሽ ታንከሩን ሙሊና ማረጋጊያው ካርቡሬተሩ ድረስ እንዲደርስ ሞተሩን ጥቂት አሠሪው።